ቤተሰብ ይዞ ወደ ማቹ ፒቹ፦ ጉዞውን በከፍታ ቅደም ተከተል ለማቀድ የሚረዳ ዝርዝር መመሪያ

በፔሩ ተራሮች መካከል ያለው ጥንታዊው የኢንካ ከተማ ማቹ ፒቹ ከባሕር ወለል በላይ በ2,430 ሜትር ከፍታ ላይ ይገኛል። ይህ ቁጥር አዲስ አበባ ላደገ ሰው የሚያስደነግጥ አይደለም፤ ላሊበላም ከዚያ ትንሽ ከፍ ትላለች። ቤተሰብን የሚፈትነው ፍርስራሹ ሳይሆን ወደ ፍርስራሹ የሚወስደው መንገድ ነው። አውሮፕላን የሚያርፍበት የኩስኮ ከተማ 3,400 ሜትር ገደማ ላይ የተቆረቆረ በመሆኑ፣ ጠዋት ከሊማ የባሕር ዳርቻ የተነሣ ልጅ ከአንድ ሰዓት ተኩል በማይበልጥ በረራ በሰሜን ተራሮች በሳንቃበርና በግጭ መካከል ካለው ከፍታ ጋር ተመሳሳይ በሆነ ቦታ ላይ ራሱን ያገኘዋል። በዚያው ዕለት ከተማውን ለማየት የሚወጣ ቤተሰብ ማምሻውን ራሱን የሚያመው፣ የሚያስመልሰውና የሚነጫነጭ ልጅ ይዞ ወደ ሆቴሉ ቢመለስ ሊደንቀው አይገባም።

ስለዚህ ይህ መመሪያ የተዘጋጀው በአንድ ሐሳብ ዙሪያ ነው፤ ከኩስኮ አውሮፕላን ማረፊያ በቀጥታ ቅዱሱ ሸለቆ ወደሚባለው የኡሩባምባ ወንዝ ሸለቆ መውረድ፣ ማቹ ፒቹን ከሸለቆው ተነሥቶ መጎብኘት፣ ኩስኮን ደግሞ ለመጨረሻ ማቆየት። አብዛኛው የጉዞ ወኪል የሚያቀርበው ዕቅድ የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ኩስኮን ያስቀድማል። ልጅ ለሌለው ጎልማሳ ያም ያስኬዳል፤ ልጆችንና አያቶችን ለያዘ ቤተሰብ ግን አይመከርም።

ደረጃ አንድ፦ ወቅቱን መምረጥ

በኩስኮ አካባቢ ከግንቦት እስከ መስከረም ያለው ጊዜ ደረቅ ሲሆን፣ ዝናቡ ከኅዳር እስከ መጋቢት ይዘልቃል፤ በተለይ በጥርና በየካቲት ይበረታል። በእነዚህ ሁለት ወራት የመሬት መንሸራተት ባቡሩን ሊያስቆም ይችላል። በአገር ቤት ልጆች ለክረምት ዕረፍት የሚበተኑባቸው ሐምሌና ነሐሴ በፔሩ የጠራ ሰማይ ያለባቸው ወራት በመሆናቸው፣ ከኢትዮጵያም ሆነ ከአሜሪካ ወይም ከዱባይ ለሚነሣ ቤተሰብ የትምህርት ቤቱ ዕረፍትና የጉዞው ምቹ ወቅት ይገጥማሉ። ጉዳቱ ግን የዓለም ቱሪስት ሁሉ በዚያው ጊዜ መጉረፉ ነው። በተለይ ሰኔ 17 ቀን፣ በፈረንጆቹ ሰኔ 24፣ ኩስኮ ውስጥ የኢንቲ ራይሚ የፀሐይ በዓል ስለሚከበር፣ በዚያ ሳምንት አልጋም ባቡርም በቀላሉ አይገኝም። ልጆቹ ገና ለትምህርት ያልደረሱ ከሆነ፣ ግንቦት ከሁሉ የተሻለ ምርጫ ነው፤ ዝናቡ አባርቷል፣ ተራራው ገና አረንጓዴ ነው፣ ሰውም አልበዛም።

ደረቁ ወቅት በዚያ በኩል የብርድ ወቅት መሆኑን አትዘንጉ። በሰኔና በሐምሌ የኩስኮ ሌሊት ወደ ዜሮ ዲግሪ የሚጠጋ ሲሆን፣ ቀኑ ደግሞ ፀሐዩ ቆዳ የሚያቃጥል ነው። ብዙ ሆቴሎች ማሞቂያ የላቸውም፤ አልጋ ስትይዙ ይህን ቀድማችሁ ጠይቁ።

ደረጃ ሁለት፦ ፓስፖርት፣ ቪዛ እና የስም ጉዳይ

የአሜሪካ፣ የአውሮፓ ኅብረት አገሮችና የእስራኤል ፓስፖርት የያዘ ሰው ለጉብኝት ወደ ፔሩ ያለ ቪዛ ይገባል። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ግን አስቀድሞ ከፔሩ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ቪዛ መውሰድ ይኖርበታል። በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ልጆቹ አሜሪካዊ፣ አያታቸው ግን የኢትዮጵያ ፓስፖርት ያዥ መሆናቸው የተለመደ ስለሆነ፣ የሁሉም ሰው ጉዳይ ሳይጠናቀቅ ምንም ዓይነት ትኬት አትግዙ። ከአዲስ አበባ የሚነሣ ቤተሰብ በኢትዮጵያ አየር መንገድ እስከ ሳኦ ፓውሎ ሄዶ ከዚያ በሌላ አየር መንገድ ወደ ሊማ መቀጠል ይችላል፤ የብራዚልን የትራንዚት ሁኔታም በዚያው አጣሩ።

የስማችን አጻጻፍ በዚህ ጉዞ ሁለት ቦታ ላይ ጥያቄ ያስነሣል። የመጀመሪያው በድንበር ላይ ነው። እናት የራሷን አባት ስም፣ ልጆቿ ደግሞ የአባታቸውን ስም ስለሚይዙ፣ ብቻዋን ከልጆቿ ጋር የምትጓዝ እናት በፓስፖርቱ ላይ ከልጆቿ ጋር የሚያገናኛት ስም አይገኝም። የልደት የምስክር ወረቀታቸውን ከነትርጉሙ፣ እንዲሁም የአባትየውን በውልና ማስረጃ የተረጋገጠ የፈቃድ ደብዳቤ መያዝ ብዙ ክርክር ያስቀራል። ሁለተኛው የመግቢያ ትኬቱን ስትሞሉ ይመጣል። በስፓኒሽ ተናጋሪ አገሮች ሰው ሁለት የቤተሰብ ስም፣ የአባቱንና የእናቱን፣ ስለሚይዝ ቅጹም በዚያው መንገድ ይጠይቃል። እናንተ ግን የእናታችሁን ስም ፈልጋችሁ አትጨምሩ፤ ፓስፖርቱ ላይ የሰፈረውን ስም ፊደል በፊደል በዚያው ቅደም ተከተል ጻፉ፤ በመግቢያው በር ላይ የሚመሳከረው እሱ ነውና።

የልጅ ፓስፖርት የአገልግሎት ዘመኑ አጭር መሆኑንም አስቡበት። በአሜሪካ ከ16 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ የሚሰጠው ለ5 ዓመት ብቻ ነው። ትኬቱ በፓስፖርት ቁጥር ስለሚቆረጥ፣ የሚታደስ ካለ አስቀድማችሁ አሳድሱ።

ደረጃ ሦስት፦ የመግቢያ ትኬት፣ ከሆቴልም ከባቡርም በፊት

ወደ ማቹ ፒቹ በአንድ ቀን የሚገባው ሰው ቁጥር የተወሰነ ነው፤ በአብዛኛው ቀን 4,500፣ ሰው በሚበዛባቸው ቀናት 5,600። ለሐምሌና ለነሐሴ የሚሆነው ትኬት ከወራት በፊት ስለሚያልቅ፣ መጀመሪያ የሚገዛው እሱ ነው፤ ባቡሩና ሆቴሉ በትኬቱ ቀን ይወሰናሉ። ትኬቱን የሚሸጠው የፔሩ የባህል ሚኒስቴር በራሱ ድረ ገጽ ሲሆን፣ ከተራራው ሥር ባለችው ከተማ በአካል ለሚቀርብ ሰው የሚሸጥ ድርሻም አለ። ከልጆች ጋር ተሰልፎ የዚያን ድርሻ መጠበቅ ግን ቁማር ነው። የአዋቂ የውጭ አገር ጎብኚ መደበኛ ዋጋ 152 ሶል (የፔሩ ገንዘብ)፣ ከ18 ዓመት በታች ላለ ልጅ ደግሞ 70 ሶል ሆኖ የቆየ ሲሆን፣ ስትገዙ ያለውን ዋጋ አረጋግጡ።

ከ2024 ጀምሮ (በዚህ መመሪያ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ጉብኝቱ በሦስት መስመሮች ተከፍሏል። መስመሮቹ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚኬድባቸው ስለሆኑ፣ ከገቡ በኋላ ከአንዱ ወደ ሌላው መሻገር አይቻልም፤ ትኬት ስትገዙ የምትመርጡት መስመር የምታዩትን ነገር ሁሉ ይወስነዋል።

መስመር 1 ከላይ ሆኖ የሚታይ ነው። በየፎቶግራፉ የምናውቀው ገጽታ፣ ከተማው ከፊት ሆኖ ዋይና ፒቹ የሚባለው ሹል ተራራ ከኋላ የቆመበት፣ ከዚያ ይታያል፤ ነገር ግን ወደ ሕንፃዎቹ መካከል አያስገባም። መስመር 2 ያንኑ ገጽታ አሳይቶ ወደ ከተማው ውስጥ ያወርዳል፤ ከሁለት ሰዓት ተኩል እስከ ሦስት ሰዓት ይፈጃል። መስመር 3 በታችኛው ክፍል የሚሄድ ሲሆን ዳገቱ ያነሰ ነው። ከስድስት ዓመት በላይ የሆኑ ልጆች ላሉት ቤተሰብ መስመር 2ን ያለ ማመንታት እመርጣለሁ። ጉልበታቸው የሚያስቸግራቸው አያት ካሉ ግን፣ ሁሉም መስመር 3 ቢገቡ ይሻላል፤ የፖስት ካርዱ ፎቶግራፍ ይቀራል፣ ቤተሰቡ ግን አይለያይም። ቤተሰብን በሁለት መስመር ከፍሎ ውስጥ እንገናኛለን ማለት እንደማይሠራ ቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል።

ዋይና ፒቹ ላይ መውጣት የተለየ ትኬት ያስፈልገዋል፤ ከ12 ዓመት በታች ያለ ልጅም አይፈቀድለትም። ደረጃው እጅግ ቁልቁል፣ ጠርዙም ክፍት ስለሆነ፣ ከተፈቀደላቸውም ልጆች ጋር ቢሆን አልመክረውም። አራት ቀን በእግር የሚኬድበት የኢንካ መንገድም 4,215 ሜትር የሚደርስ መተላለፊያ ያለውና በየካቲት የሚዘጋ በመሆኑ፣ የዚህ መመሪያ ጉዳይ አይደለም።

ትኬቱ ላይ የሚጻፈው ሰዓት የፈረንጅ አቆጣጠር መሆኑን ለቤተሰቡ ሁሉ ንገሩ። 06:00 ማለት በእኛ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ነው። በሚገባ ያልተነጋገረ ቤተሰብ 09:00 ያለውን ትኬት ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት አስቦ ሲደናገር ማየት አዲስ ነገር አይደለም። ለልጆች ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት፣ ማለትም 08:00 ወይም 09:00፣ ተስማሚ ነው፤ በማለዳ ሸለቆውን የሚሸፍነው ጉም ብዙ ጊዜ በዚያ ሰዓት ይገፈፋል፣ ልጆቹም ቁርሳቸውን በልተው ይወጣሉ።

ደረጃ አራት፦ ዕቅዱን በከፍታ መደርደር

የምትተኙባቸውን ቦታዎች ከፍታ በወረቀት ላይ አስፍሩ። ኩስኮ 3,400 ሜትር፤ ቅዱሱ ሸለቆ በሚባለው በኡሩባምባ ወንዝ ዳር ያለችው ኦያንታይታምቦ 2,800 ሜትር ገደማ፣ ይህም ከደብረ ብርሃን ጋር የሚቀራረብ ነው፤ ከማቹ ፒቹ ሥር ያለችው አጓስ ካሊዬንቴስ 2,040 ሜትር። ወደ ፍርስራሹ በተጠጋችሁ ቁጥር ወደ ታች የምትወርዱ መሆናችሁ ከዚህ ይታያል።

በመጀመሪያው ቀን በጠዋት በረራ ኩስኮ እንደደረሳችሁ፣ አስቀድማችሁ ባስጠበቃችሁት መኪና ወደ ኦያንታይታምቦ ውረዱ። ጉዞው ሁለት ሰዓት ያህል ይወስዳል፤ በመካከሉ በቺንቼሮ በኩል ከኩስኮ ከፍ ወዳለ ሜዳ ስለሚወጣ፣ ልጆቹ እዚያ ላይ እንዲሮጡ መኪናውን አታስቁሙ። በዚያ ቀን ሌላ ፕሮግራም አያስፈልግም። ውኃ መጠጣት፣ ቀላል ነገር መብላት፣ በጊዜ መተኛት።

በሁለተኛው ቀን ጠዋቱን አርፋችሁ፣ ከሰዓት በኋላ የኦያንታይታምቦን ፍርስራሽ ተመልከቱ። ይህ ቦታ የኢንካው ንጉሥ ማንኮ ኢንካ ስፓኒሾችን በጦርነት የመከተበት ነው። ከላይ በኩል የቆሙት ስድስት ግዙፍ ድንጋዮች ከወንዙ ማዶ ካለ ተራራ ተፈልጠው ሸለቆውን ተሻግረው የመጡ ናቸው። ልጆቹ ደረጃውን ሲወጡ እንዴት እንደሚተነፍሱ እዚሁ ተመልከቱ፤ ለቀጣዩ ቀን መወሰን የሚቻለው ይህን ዓይቶ ነው። ደህና ከሆኑ በሦስተኛው ቀን በሺህ የሚቆጠሩ የጨው ገበታዎች በገደሉ ላይ ወደተደረደሩበት ወደ ማራስና ክብ እርከኖች ወዳሉበት ወደ ሞራይ መሄድ ይቻላል፤ ሞራይ 3,500 ሜትር ስለሆነ ዓይቶ ለማደር ወደ ታች መመለስ ጥሩ ልምምድ ነው። በአራተኛው ቀን ወደ አጓስ ካሊዬንቴስ በባቡር፣ በአምስተኛው ቀን ማቹ ፒቹ፣ ከዚያ ወደ ኦያንታይታምቦ ተመልሶ ማደር፣ ከስድስተኛው ቀን ጀምሮ ኩስኮ። በዚህ ሁሉ መካከል አንድ ባዶ ቀን አስገቡ። በ2023 መጀመሪያ በአገሪቱ በተነሣው ተቃውሞ ማቹ ፒቹ ለሳምንታት ተዘግቶ ነበር፤ በ2024 ጥር ደግሞ በትኬት አሻሻጥ ላይ የተነሣ አድማ ባቡሩን አስቁሟል። የመመለሻ በረራውን ከማቹ ፒቹ ማግስት ያደረገ ቤተሰብ እንዲህ ባለ ጊዜ መፈናፈኛ አይኖረውም።

ስለ ከፍታ ሕመም ሲነሣ፣ «እኛ የደጋ ሰዎች ነን» የሚል መልስ በየቤቱ ይሰማል። በ2002 የታተመ ጥናት በ3,500 ሜትር ገደማ የሚኖሩ የአማራ ደገኞች ደም፣ ኦክስጅን የሚሸከመው ሄሞግሎቢን በአንዲስ ተራራ ነዋሪዎች ላይ የሚጨምረውን ያህል ሳይጨምርበት የኦክስጅን ይዞታውን እንደሚጠብቅ አሳይቷል፤ አስደናቂ ነገር ነው። ነገር ግን ይህ የተገኘው በዚያው ተወልደው በዚያው በሚኖሩ ሰዎች ላይ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም ሪያድ ተወልዶ ያደገ ልጅ የአያቱን አገር ከፍታ መተማመኛ አድርጎ 3,400 ሜትር ላይ ሊያርፍ አይችልም። ከአዲስ አበባ የሚነሣ ቤተሰብ በተወሰነ መጠን የተሻለ መነሻ ቢኖረውም፣ ኩስኮ ከአዲስ አበባ በአንድ ሺህ ሜትር እንደምትበልጥ ማስታወስ አለበት።

ትልልቅ ልጆች ራሳቸውን እንዳመማቸው ይናገራሉ፤ ሕፃናት ግን አይናገሩም። ምግብ መግፋት፣ ያለ ምክንያት መነጫነጭ፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ማስመለስ፣ በሕፃን ላይ የሚታዩ ምልክቶች ናቸው። ቀላል ሕመም በዕረፍትና ሐኪም በፈቀደው የሕመም ማስታገሻ ይቀላል፤ እየባሰ የሚሄድ ከሆነ ግን መድኃኒቱ ወደ ታች መውረድ ነው። ተቀምጦ እያለ ትንፋሽ የሚያጥረው፣ ሲራመድ የሚንገዳገድ ወይም ንግግሩ የሚዘባረቅበት ሰው ካለ፣ እስኪነጋ ሳትጠብቁ ወደ ሐኪም ቤት ውሰዱት፣ ከፍታውንም ቀንሱ። ጉንፋን ወይም ሳል የያዘው ልጅ በከፍታ ላይ ይበልጥ ስለሚጎዳ፣ ከመነሣታችሁ በፊት ይሻለው። አሴታዞላማይድ የሚባለው መከላከያ መድኃኒት በሐኪም ትእዛዝ ብቻ የሚወሰድ ነው፤ ለሰልፋ መድኃኒት አለርጂ ያለበት ሰው ይህንኑ ለሐኪሙ ይንገር። የደም ግፊት፣ የልብ ወይም የሳንባ ችግር ያለባቸው አያቶች ሳይመረመሩ አይሂዱ።

ሆቴሎች ለእንግዳ የሚያቀርቡት የኮካ ቅጠል ሻይ በፔሩ ሕጋዊና የተለመደ ነው። ቢሆንም ከጠጡት በኋላ በሽንት ምርመራ ላይ የኮኬይን ምልክት ሊታይ ይችላል። በአሜሪካ የጭነት መኪና የሚያሽከረክሩና ለድንገተኛ የዕፅ ምርመራ የሚጠሩ ብዙ ወገኖቻችን ስላሉ፣ ይህን ሻይ ከናካቴው አለመቅመሱ ይመረጣል። ለልጆችም አትስጡ። በምትኩ ሙኛ የሚባለውን፣ ከናና ጋር የሚቀራረብ መዓዛ ያለውን የተራራ ቅጠል ሻይ ጠይቁ።

ደረጃ አምስት፦ ባቡርና አውቶቡስ

ወደ አጓስ ካሊዬንቴስ የሚያስገባ የመኪና መንገድ የለም። ከኦያንታይታምቦ በወንዙ ዳር የሚሄደው ባቡር ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ ጥቂት ይወስዳል፤ ሁለት ኩባንያዎች ያመላልሳሉ። ሲሄዱ በግራ በኩል የተቀመጠ ሰው ወንዙን ያያል። በባቡሩ ላይ ትልቅ ሻንጣ ስለማይፈቀድ፣ ዋናውን ጓዝ ኦያንታይታምቦ ባለው ሆቴል አስቀምጣችሁ ለአንድ ሌሊት የሚሆን ትንሽ ቦርሳ ብቻ ያዙ፤ ተመልሳችሁ እዚያው ማደራችሁ የሚጠቅመው ለዚህም ነው። ገንዘብ ለመቆጠብ ሃይድሮኤሌክትሪካ በሚባለው የባቡር ጣቢያ በኩል በሚኒባስ ሄዶ በሐዲዱ ዳር ለሰዓታት በእግር የሚገባበት መንገድ አለ፤ ከልጅ ጋር አይሞከርም።

ከአጓስ ካሊዬንቴስ ወደ ፍርስራሹ የሚወጣው አውቶቡስ ከሌሊቱ 11:30 ጀምሮ ይነሣል፤ አራት መቶ ሜትር ያህል ከፍታ በጥምዝምዝ መንገድ በግማሽ ሰዓት ይወጣል። መኪና የሚያስመልሰው ልጅ ካለ ከፊት አስቀምጡት። የአውቶቡሱን ትኬት በዋዜማው ማታ ግዙ፤ እዚያም ፓስፖርት ይጠየቃል። ለመሳፈር የሚያዘው ሰልፍ በጠዋት ረጅም ስለሚሆን፣ ትኬታችሁ ላይ ካለው የመግቢያ ሰዓት ቢያንስ አንድ ሰዓት ተኩል ቀደም ብላችሁ ተሰለፉ።

ደረጃ ስድስት፦ የቦርሳው ይዘት

ከ40 በ35 በ20 ሴንቲ ሜትር የሚበልጥ ቦርሳ፣ የሕፃን ጋሪ፣ ጃንጥላና ድሮን አይገቡም። ሕፃን የያዘ ሰው ከብረት ያልተሠራ ማዘያ ያምጣ፤ የእናቶቻችን አንቀልባ እዚህ ቦታ ላይ ከሁሉ የተሻለ ነው። በጃንጥላው ፋንታ የዝናብ ካፖርት፣ ሰፊ ባርኔጣ፣ የፀሐይ መከላከያ ቅባት፣ በሚሞላ ኮዳ ውኃ፣ ረጅም ሱሪና የነፍሳት መከላከያ ያስፈልጋሉ። በማቹ ፒቹ ወባ የለም፤ ሆኖም ጥቃቅን ተናካሽ ዝንቦች ባዶ ቁርጭምጭሚት ካገኙ ለቀናት የሚያሳክክ ምልክት ትተው ይሄዳሉ። የሚደራረብ ልብስ መያዝም ያስፈልጋል፤ ጠዋት ይበርዳል፣ ረፋድ ላይ ይሞቃል።

ደረጃ ሰባት፦ በፍርስራሹ ውስጥ

አውቶቡሱ የሚያወርደው በሩ ላይ ነው። የመጸዳጃ ቤቱ ከበሩ ውጭ ብቻ የሚገኝ ሲሆን፣ ከገቡ በኋላ ወጥቶ መመለስ አይፈቀድም። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ይሁን፤ ከአውቶቡስ እንደወረዳችሁ አንደኛው ወላጅ ከአስጎብኚው መሪ ጋር ይገናኝ፣ ሌላኛው ልጆቹን ሁሉ፣ «አልመጣብኝም» የሚለውንም ጨምሮ፣ ወደ መጸዳጃ ቤት ይውሰድ። ክፍያው በሳንቲም ስለሆነ ለእያንዳንዱ ሰው ሁለት ሶል ሳንቲም ከዋዜማው አዘጋጁ። በልተው የሚያበቁትም እዚያው ነው፤ ውስጥ መብላት ክልክል ነው።

ፈቃድ ያለው መሪ መያዝ ገንዘቡ የሚያስቆጭ አይደለም። መሪዎቹ በስፓኒሽና በእንግሊዝኛ ስለሚያስረዱ፣ ለአያቶች የሚተረጉም ሰው አስቀድማችሁ ምረጡ፤ ታዳጊ ልጅ ይህን ሥራ ቢሰጠው ራሱም በደንብ ያዳምጣል።

ከተማው በ1450 ገደማ በንጉሥ ፓቻኩቲ ዘመን እንደተሠራ፣ ከመቶ ዓመት ያህል በኋላም እንደተተወ ይታመናል። ልጆች በዘመን ቁጥር ብዙም አይያዙም፤ የሚይዛቸው አሠራሩ ነው። ወደ እርከኖቹ ስትደርሱ ከላይ የሚታየው ሣር ብቻ እንዳልሆነ አሳዩአቸው። ከሥሩ አፈር፣ ከዚያ ጠጠር፣ ከዚያም ትልልቅ ድንጋይ ተደርድሮ፣ የዝናቡ ውኃ ተራራውን ይዞት ሳይወርድ እየሰረገ እንዲሄድ ያደርጋል። ከምንጭ በቦይ ተጠልፎ የመጣው ውኃ 16 ፏፏቴዎችን በየተራ እየሞላ ይወርዳል፤ የመጀመሪያው ለንጉሡ መኖሪያ ነበር። ስለዚህ ንጹሑን ውኃ ማን ቀድሞ እንደሚጠጣ ልጆቹ ራሳቸው ይደርሱበታል።

ግድግዳዎቹ ዘንድ ቀስ በሉ። ለቤተ መቅደሶችና ለንጉሡ ቤት የዋሉት ድንጋዮች ያለ ጭቃና ያለ ኖራ የተገጣጠሙ ናቸው፤ በመካከላቸው ጣት ቀርቶ ቢላ አይገባም። ግድግዳው ወደ ውስጥ ዘንበል ያለ፣ በሩና መስኮቱ ከላይ ጠበብ ከታች ሰፋ ያለ መሆኑ አካባቢው የመሬት መንቀጥቀጥ የሚያጠቃው ስለሆነ ነው። ብዙ ማዕዘን ያለውን ድንጋይ መጀመሪያ ለሚያገኝ ልጅ ሽልማት ብታወጡ፣ ሌላ ማብራሪያ አያስፈልጋችሁም። የፀሐይ ቤተ መቅደስ በሚባለው ክብ ግድግዳ ላይ ያለው መስኮት በሰኔው የፀሐይ መመለሻ ቀን ማለዳ ብርሃኑን በቀጥታ እንዲያስገባ ሆኖ የተከፈተ ነው። ኢንቲዋታና የሚባለው የተጠረበ ቋጥኝ በ2000 የቢራ ማስታወቂያ ሲቀረጽ የካሜራ ማንሻ ወድቆበት ጠርዙ ተሸርፏል፤ «አትንኩ» የሚለውን ትእዛዝ ለልጅ ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ታሪክ አይገኝም።

ስለ 1911 ሲነሣ፣ አሜሪካዊው ሂራም ቢንግሃም ቦታውን «አገኘው» የሚለው አነጋገር ሊታረም ይገባዋል። በፈረንጆቹ ሐምሌ 24 ቀን 1911 ሲደርስ በእርከኖቹ ላይ የሚያርሱ ቤተሰቦች ነበሩ፤ በፍርስራሹ መካከል እየመራ ያሳየውም የእነሱው ትንሽ ልጅ ነው። ቢንግሃም ወደ ዬል ዩኒቨርሲቲ ያጓጓዛቸው ቅርሶች ከመቶ ዓመት በኋላ፣ በ2011 እና በ2012፣ ወደ ፔሩ ተመልሰው ኩስኮ ውስጥ ካሳ ኮንቻ በሚባል ሙዚየም ይታያሉ። የአክሱም ሐውልት በ2005 ከሮም ሲመለስ ያየ ትውልድ ይህን ለልጆቹ ለመንገር ብዙ ቃላት አይቸግረውም።

መውጫው አጠገብ የማቹ ፒቹን ምስል የያዘ ማኅተም ይገኛል። ፓስፖርታችሁ ላይ አታሳርፉት፤ አንዳንድ የድንበር ሹም ፓስፖርቱ ተበላሽቷል ሊል ይችላል። ለልጆቹ ትንሽ ደብተር ይዛችሁ ሂዱና እሱ ላይ ይምቱ።

ምግብና ጾም

በነሐሴ የሚጓዝ የኦርቶዶክስ ቤተሰብ ከነሐሴ 1 እስከ 15 ያለው ጾመ ፍልሰታ ይገጥመዋል። አንዲስ ለጾመኛ የሚከፋ አገር አይደለም፤ ድንቹ በዓይነቱ ብዙ ነው፣ ኪኑዋ ከሚባል ፍሬ የሚሠራ ሾርባ በየምግብ ቤቱ ይገኛል፣ የተቆላ ባቄላና የተቆላ በቆሎ በየገበያው ይሸጣል፤ ቆሎ ነው። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ሾርባው በሥጋ መረቅ ወይም በወተት እንዳይሠራ ነው። ስታዙ «ሲን ካርኔ፣ ሲን ሌቼ፣ ሲን ኬሶ፣ ሲን ሁዌቮ» በሉ፤ ሥጋ፣ ወተት፣ ዓይብና እንቁላል ሳይገባበት ማለት ነው። ሐላል ሥጋ በሸለቆው ውስጥ ማግኘት ስለሚያስቸግር፣ ሙስሊም ቤተሰቦች በዓሣና በአትክልት ላይ ቢያተኩሩ ይቀላል። የተጠበሰ ጊኒ ፒግ ከነጭንቅላቱ በሳህን ላይ ሊቀርብ እንደሚችል፣ ቤት ውስጥ እንስሳውን ለሚያሳድጉ ልጆች አስቀድማችሁ ንገሩ። የቧንቧ ውኃ አትጠጡ።

ኩስኮ እና የመመለሻው ዝግጅት

በስድስተኛው ቀን ኩስኮ ስትገቡ ሰውነታችሁ ከመጀመሪያው ቀን በእጅጉ የተሻለ ይሆናል፤ ቢሆንም ሆቴላችሁ ከዋናው አደባባይ በላይ ባለው ዳገት ላይ እንዳይሆን ተጠንቀቁ። ለ10 ቀናት የሚያገለግለው የጋራ የቱሪስት ትኬት ኦያንታይታምቦን፣ ሞራይን፣ ፒሳክንና ሳክሳይዋማንን ያካትታል፤ ስለዚህ ኦያንታይታምቦ ላይ የገዛችሁትን አትጣሉ። የማራስ ጨው ገበታና ኮሪካንቻ ግን የየራሳቸው ክፍያ አላቸው። ኮሪካንቻ የኢንካዎች ዋና የፀሐይ ቤተ መቅደስ ነበር፤ ስፓኒሾች ግድግዳው ላይ የሳንቶ ዶሚንጎን ገዳም ሠሩበት። ሳክሳይዋማን ላይ ከግዙፎቹ ግንቦች ፊት ለፊት በተፈጥሮ የለሰለሱ ተንሸራታች ቋጥኞች አሉ፤ የአገሩ ልጆች እንደሚያደርጉት ልጆቻችሁም ይንሸራተቱባቸዋል። ያረጀ ሱሪ አልብሷቸው።

ወደ ኢትዮጵያ በቀጥታ የሚመለስ ወይም በመንገዱ የሚያልፍ ቤተሰብ፣ ፔሩ የቢጫ ወባ ሥጋት ካለባቸው አገሮች መካከል ስለሆነች፣ የክትባት ካርዱን በእጅ ቦርሳው ይያዝ፤ ክትባቱ ቢያንስ ከጉዞው አሥር ቀን በፊት መወሰድ አለበት። በመጨረሻው ሌሊት ሻንጣችሁን ስትዘጉ ልጆቹ ከገበያ የገዙትን ሁሉ አውጥታችሁ ተመልከቱ። የኮካ ሻይ፣ የኮካ ከረሜላና ቅጠሉ በኩስኮ ሱቆች እንደማንኛውም ስጦታ ይሸጣሉ፤ ወደ አሜሪካ ማስገባት የተከለከለ ሲሆን፣ በባሕረ ሰላጤው አገሮች ደግሞ ከባድ የወንጀል ክስ ሊያስከትል ስለሚችል፣ አንድም ሳይቀር ሆቴሉ ውስጥ ተዉት።